የአየር ርቀት ምንድን ነው? ከአሶሳ ጋምቤላ በአውሮፕላን ስንት ይፈጃል?

ከአሶሳ ጋምቤላ በአየር 210 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ርቀት የሚያሰሉ ድረ ገጾችን ብትጠይቁ የሚነግሯችሁ ይህንኑ ነው። ቁጥሩ ትክክል ነው። ችግሩ ብዙ ሰው ጉዞውን በዚህ ቁጥር ብቻ ማቀዱ ላይ ነው።

የአየር ርቀት ማለት ሁለት ቦታዎችን በምድር ገጽ ላይ የሚያገናኘው አጭሩ መስመር ነው። ተራራ ቢኖር፣ ገደል ቢኖር ግድ የለውም። ምድር ክብ ስለሆነች፣ እንደ አዲስ አበባ–ዋሽንግተን ባለ ረጅም ጉዞ መስመሩ ካርታ ላይ ወደ ሰሜን ጎብጦ ይታያል። በአጭር ርቀት ግን ቀጥ ያለ ነው ብንል አንሳሳትም።

አሶሳንና ጋምቤላን የመረጥኩት ስሌቱን ማንም ሰው በወረቀት ሊሠራው ስለሚችል ነው። የሁለቱ አውሮፕላን ማረፊያዎች ኬንትሮስ አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ 34.6 ዲግሪ ምሥራቅ አካባቢ። ስለዚህ ኬክሮሱን ብቻ እንይ። አሶሳ 10.02፣ ጋምቤላ 8.13 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናቸው። ልዩነቱ 1.89 ነው። አንድ ዲግሪ ኬክሮስ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ስታባዙት 210 ይመጣል። አብራሪዎች የሚለኩት በኖቲካል ማይል ነው፤ አንዱ 1.85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንዱ ዲግሪ 60 ኖቲካል ማይል ስለሆነ፣ ለእነሱ ርቀቱ 113 ነው።

ሰዓቱስ? በአገር ውስጥ በረራ የምናውቀው ባለፕሮፔለሩ ኪው 400 በሰዓት 650 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይበራል። በዚህ ፍጥነት 210 ኪሎ ሜትር 20 ደቂቃ እንኳን አይሞላም። ግን ይህ ፍጥነት የሚገኘው አውሮፕላኑ ከፍታውን ከያዘ በኋላ ነው። በእንዲህ ያለ አጭር መንገድ ወጥቶ ሳይረጋጋ መውረድ ይጀምራል። መሬት ላይ የሚያኮበኩብበትም ጊዜ አለ። አየር መንገዶች በፕሮግራማቸው ላይ የሚያሰፍሩት፣ አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰ ጀምሮ መድረሻው ላይ እስኪቆም ያለውን ነው። ስለዚህ ቀጥታ ቢበር እንኳ 40 ደቂቃ ገደማ ማሰብ ይሻላል።

ትልቁ ልዩነት የሚመጣው ግን ቀጥታ በረራ ሳይኖር ሲቀር ነው። ያኔ ጉዞው በአዲስ አበባ በኩል ይሆናል። ከአሶሳ አዲስ አበባ 476 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ ከአዲስ አበባ ጋምቤላም ያው ነው። ድምሩ 950 ይጠጋል፤ ከቀጥታው አራት እጥፍ ተኩል ማለት ነው። እያንዳንዱ በረራ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። በዚያ ላይ ቦሌ መጠበቅ አለ። ሁለተኛው በረራ ካመለጠ ደግሞ አዲስ አበባ ማደር ሊመጣ ነው። ይህን ያህል ለሚቀራረቡ ሁለት ከተሞች ይህ በጣም ብዙ ነው። በተለይ በሽተኛ ይዞ ለሚጓዝ ሰው በጣም ይከብዳል።

ስለዚህ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት በዚያ ቀን ቀጥታ በረራ መኖሩን ጠይቁ። ከሌለ የሁለቱን በረራዎች ሰዓትና ቦሌ የምትቆዩበትን ጊዜ ደምሩ፤ የመጀመሪያው በረራ ቢዘገይ ሁለተኛው እንዳያመልጣችሁ በመካከል ሰፋ ያለ ጊዜ ተዉ።