ማክ 1.5 ስንት ኪሎ ሜትር ነው?

የደቡብ ኮሪያው የማሠልጠኛ ጄት ቲ-50 ማክ 1.5 ይበራል ሲባል ብዙ አንባቢ ቋሚ የኪሎ ሜትር ቁጥር ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ቁጥር የለም። ማክ 1 ማለት አውሮፕላኑ ባለበት አየር ውስጥ ድምፅ የሚጓዝበት ፍጥነት ነው፤ እርሱም ከአየሩ ሙቀት ጋር ይለዋወጣል። በባሕር ወለል፣ በ15 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በሰዓት 1,225 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ11,000 ሜትር ከፍታ ግን ብርዱ ከዜሮ በታች 56 ዲግሪ ስለሚደርስ ወደ 1,062 ይወርዳል። እዚያ ማክ 1.5 ወደ 1,590 ይጠጋል ማለት ነው።

ይህም የፍጥነቱ ጣሪያ እንጂ የዘወትር ጉዞው አይደለም፤ ነዳጅ ክፉኛ ይበላል። ለሠልጣኙ ከዚህ የሚበልጠው፣ በእኔ እምነት፣ አስተማሪው ከኋላው ተቀምጦ የተዋጊ ጄትን ጠባይ መልመዱ ነው።