«የሉተን አውቶቡስ» ምንድን ነው?

አንዲት ሴት ኒውዮርክ ውስጥ፣ በሴንትራል ፓርክ በኩል በሚያልፍ መንገድ ላይ በሌሊት ብቻዋን ትሄዳለች። የታኮ ጫማዋ ድምፅ ቀጭ ቀጭ ይላል። ከኋላዋ የሌላ ሴት ታኮ ይከተላል። ፊተኛዋ መብራት ሥር ስትደርስ ትታያለች፣ ስታልፍ ጨለማ ይውጣታል፤ ጥቂት ቆይቶ ሁለተኛዋም በዚያው መብራት ሥር ታልፋለች። ከዚያ የኋለኛው ኮቴ ድንገት ይጠፋል። ፊተኛዋ ዞር ትላለች፤ ማንም የለም። ትፈጥናለች፣ ትሮጣለች። አሁን አንድ ነገር ሊዘልባት ነው ብለን ትንፋሻችንን ስንይዝ እንደ አውሬ ማጓራት ያለ ድምፅ ከጎን ይፈነዳል። የከተማ አውቶቡስ ነው፤ የንፋስ ፍሬኑን ይዞ ፊቷ ቆመ።

ይህ ትዕይንት የሚገኘው በ1942 እ.ኤ.አ. በወጣው «ካት ፒፕል» በተባለው ጥቁርና ነጭ አስፈሪ ፊልም ውስጥ ነው። ፕሮዲዩሰሩ ቫል ሉተን፣ ዳይሬክተሩ ዣክ ቱርነር፣ ኤዲተሩ ማርክ ሮብሰን ነበሩ። ከዚያ በኋላ የሉተን ባልደረቦች ተመልካችን በዚህ መንገድ የሚያስደነግጥ ማንኛውንም ትዕይንት «አውቶቡስ» ይሉት ጀመር። «የሉተን አውቶቡስ» የሚለው ስያሜ የመጣው ከዚህ ነው፦ ፍርሃትን ቀስ በቀስ ማከማቸት፣ ድምፅን ማጥፋት፣ በመጨረሻም ጉዳት በሌለው ነገር ማስደንገጥ።

ፊልሙን መጀመሪያ ያየሁት ቤተሰብ እንዳልቀሰቅስ ድምፁን በጣም ቀንሼ ነበር። አውቶቡሱ መጣ፣ ቆመ፣ ሄደ፤ እኔ ምንም አልሆንኩም። በሌላ ቀን ጆሮ ማዳመጫ አድርጌ ሳየው ግን ከመቀመጫዬ ዘለልኩ። ሥራውን የሚሠራው አውቶቡሱ ብቻ አለመሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። ጆሮ የሁለት ሰው ኮቴ መቁጠር ይለምድና አንዱ ሲጎድልበት ራሱ ፍለጋ ይወጣል። ዝምታው ውስጥ የገባው ተመልካቹ በገዛ ፈቃዱ ነው።

የቀረውን የሚሠራው ጥቁርና ነጩ ነው። በቀለም ፊልም ሌሊት ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ይሆናል፣ ቅጠሉም ቅጠልነቱን ይናገራል። ኒኮላስ ሙሱራካ በቀረጸው በዚህ ፊልም ግን ቁጥቋጦው፣ የድንጋይ ግንቡና በታሪኩ የምትፈራው ግስላ ሁሉም ከአንድ ጥቁር ጨርቅ የተቀደዱ ናቸው። ስለዚህ የትኛውም ጨለማ ጥግ ግስላዋ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያሉ የሉተን ፊልሞች ሰማንያ ዓመት አልፏቸው ዛሬም የሚያስፈሩበት ምክንያት ለእኔ ይኸው ነው። የጎማ ጭንብል ያረጃል፣ ባዶ ጥቁር ቦታ ግን አያረጅም።

ገንዘብ ማጣትም የራሱ ድርሻ ነበረው። ሉተንን የቀጠረው አርኬኦ ስቱዲዮ ለእያንዳንዱ ፊልም ከ150,000 ዶላር በላይ እንዳያወጣ፣ ርዝመቱም ከ75 ደቂቃ እንዳይበልጥ አዞት ነበር፤ ርዕሱን እንኳ የሚመርጠው ስቱዲዮው ነው። በዚህ ገንዘብ አሳማኝ ጭራቅ መሥራት አይቻልም። ጥላ ግን በነጻ ይገኛል። በዚያው ፊልም በመዋኛ ገንዳው ትዕይንት ያቺው ፊተኛዋ ሴት ውኃው መሃል ሆና ስትጮህ ግድግዳው ላይ የሚንቀሳቀስ ጥላ እናያለን፤ ቱርነር በኋላ እንደተናገረው ያ ጥላ የራሱ የተጨበጠ እጅ ጥላ ነበር።

ስለ ታሪኩ አንድ ነገር ልበል። በፓርኩ መንገድ ከኋላ የምትከተለው ሴት ኢሬና፣ በስሜት ስትነካ ግስላ እሆናለሁ ብላ የምትሰጋ ከሰርቢያ የመጣች ሴት ናት። ሰው በሌሊት ጅብ ይሆናል የሚለውን ወሬ እየሰማን ላደግን፣ ወሬውም ስንቱን ንጹሕ ሰው ከጎረቤቱ እንዳገለለ ለምናውቅ፣ የእሷ ሐዘን ሩቅ አይደለም። ሲሞን ሲሞን ኢሬናን ስትጫወት ከሁሉም በላይ የምትፈራው ራሷን ነው፤ ፊልሙን ደጋግሜ የማየው ከድንጋጤው ይልቅ ለዚህ ነው።

አውቶቡሱን ከዚያ ወዲህ ያልቀዳ አስፈሪ ፊልም ጥቂት ነው። ድመት ከቁም ሣጥን ይዘላል፣ ጓደኛ ከኋላ ትከሻ ይይዛል፣ ሙዚቃው ይጮኻል፤ «አይ፣ ምንም አይደለም» ተብሎ ይታለፋል። ብዙዎቹ የተዉት ዋናውን ነገር ነው። በ«ካት ፒፕል» ውስጥ አውቶቡሱ ሴትዮዋን አሳፍሮ ከሄደ በኋላ ፊልሙ እዚያው ፓርክ ውስጥ ይቆያል። የታረዱ በጎች ወድቀው ይገኛሉ። ጭቃው ላይ የአውሬ ዱካ አለ፤ ካሜራው ዱካውን ተከትሎ ሲሄድ መዳፉ ቀስ በቀስ የሴት ታኮ ጫማ ይሆናል።