133 ደረጃና አንድ ፒያኖ

ሁለት ሰዎች አንድ ፒያኖ ደረጃ ለደረጃ ሽቅብ ያወጣሉ። «ዘ ሚዩዚክ ቦክስ» የተባለው የሎሬልና የሃርዲ አጭር ፊልም ታሪኩ ከዚህ ብዙም አያልፍም። ርዝመቱ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 ወጣ። ዳይሬክተሩ ጄምስ ፓሮት፣ ፕሮዲዩሰሩ ሃል ሮች ነበሩ። በዚያው ዓመት ኦስካር ለአጭር ኮሜዲ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሸልም ያሸነፈው ይኸው ፊልም ነው።

ቀጭኑ ስታን ሎሬል የእንግሊዝ ሰው፣ ወፍራሙ ኦሊቨር ሃርዲ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ የጆርጂያ ልጅ ነው። እዚህ ፊልም ላይ በእኛ አባባል ጫኝና አውራጅ ሆነዋል። አንዲት ሴት ለባሏ ልደት ፒያኖ ትገዛለች። እነሱም በፈረስ ጋሪ ጭነው ያመጡታል። ቤቱ ታዲያ የሚገኘው ከረጅሙ ደረጃ አናት ላይ ነው።

ደረጃው ለፊልም ተብሎ የተሠራ እንዳይመስላችሁ። ሎስ አንጀለስ፣ ሲልቨር ሌክ ሰፈር ዛሬም አለ፤ 133 እርከን። ሁለቱ ሰዎች ከዚያ በፊትም ያውቁታል። በ1927 «ሃትስ ኦፍ» በተባለው ድምፅ አልባ ፊልማቸው የልብስ ማጠቢያ ማሽን ይዘው ወጥተውበታል። የዚያ ፊልም ቅጂ ግን ጠፍቷል።

ማጠቢያውን በፒያኖ መቀየራቸው ትልቅ ብልሃት ነው እላለሁ። ዘመኑ ፊልም ድምፅ ማውጣት የጀመረበት ነው። ሣጥኑ ደረጃውን ቁልቁል በተንከባለለ ቁጥር ከውስጡ የፒያኖው ጅማቶች ይንጫረራሉ። የሚጮኸው ሰው ሳይሆን ዕቃው ነው። እንደ ሦስተኛ ተዋናይ ነው ማለት ይቻላል።

መጀመሪያ ሕፃን በጋሪ የምትገፋ ሞግዚት ትመጣለች። መንገድ ሲለቁላት ፒያኖው ያመልጣቸዋል። እሷ ትስቃለች፤ ከዚያ ጠቡ ይጀመራል። ቀጥሎ ፖሊስ፣ ቀጥሎም ከስሙ ጋር የማዕረግ መዓት የሚደረድር ቁጡ ፕሮፌሰር። የፕሮፌሰሩ ባርኔጣ ደረጃውን ወርዶ መንገድ ላይ መኪና ይጨፈልቀዋል። እዚህ ላይ የሚያስቀው ውድቀቱ ብቻ አይመስለኝም። እንደሚወድቅ አስቀድመን እናውቃለን፤ እነሱ ግን አያውቁም።

በስንት መከራ አናት ላይ ይደርሳሉ። ያኔ አንድ ፖስተኛ፣ በዞሮ መንገድ በጋሪ መምጣት ይቻል እንደነበር ይነግራቸዋል። እሺ ብለው ዝም ይላሉ? በጭራሽ! ፒያኖውን መልሰው ተሸክመው ወርደው፣ ጋሪ ላይ ጭነው ዞረው ይመጣሉ።

የቤቱ ባለቤት ማን ሆኖ ይገኛል? ያ ባርኔጣው የተጨፈለቀበት ፕሮፌሰር። ሰውየው ደግሞ ፒያኖ የሚባል ነገር ማየት አይፈልግም። መጥረቢያ አንስቶ ይፈልጠው ጀመር። ፒያኖው በራሱ የሚጫወት ዓይነት ነውና በመሃል የአሜሪካን ብሔራዊ መዝሙር ያሰማል። ሦስቱም ቀጥ ብለው ሰላምታ ይሰጣሉ። መዝሙሩ ሲያበቃ ፕሮፌሰሩ መጥረቢያውን እንደገና ያነሳል።