«አንድ ፓውንድ ሥጋ» ምንድን ነው?

አንድ ፓውንድ ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም፤ 450 ግራም ገደማ ነው። ጥብስ ቢሆን ለሁለት ሰው ይበቃ ነበር። እዚህ ግን የሚቆረጠው ከሰው ደረት ነው።

አባባሉ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1590ዎቹ መጨረሻ ከተጻፈው የሼክስፒር ኮሜዲ፣ «የቬኒሱ ነጋዴ» ነው። አንቶንዮ የተባለ ነጋዴ ለጓደኛው ሲል ሻይሎክ ከሚባል አይሁዳዊ አራጣ አበዳሪ 3,000 ዱካት፣ የዚያን ዘመን የወርቅ ሳንቲም፣ ይበደራል። ለዚህ ብድር ወለድ የለም። በሦስት ወር ካልከፈለ ግን አበዳሪው ከገላው አንድ ፓውንድ ሥጋ ይቆርጣል። ውሉ የቀረበው በቀልድ መልክ ነው፤ አንቶንዮም ፈረመ። ከዚያ መርከቦቹ ጠፉ ተባለ፣ ቀኑም አለፈ።

ዛሬ በእንግሊዝኛ «ፓውንድ ሥጋውን ጠየቀ» የሚባለው፣ ሌላው ይሙት ይዳን ሳይል በውሉ ሙጭጭ ለሚል ሰው ነው።

ሻይሎክ ግን እንዲሁ አልጨከነም። ያው አንቶንዮ ከዚያ በፊት ውሻ ብሎታል፣ ጺሙ ላይ ተፍቶበታል። በኋላም የገዛ ልጁ ገንዘቡን ይዛ ከአንድ ክርስቲያን ጋር ኮበለለች። የቬኒስ አይሁዶች ከ1516 ጀምሮ ማታ በሩ በሚቆለፍ ሰፈር ነበር የሚኖሩት፤ «ጌቶ» የሚለው ስም ከዚያ ሰፈር የወጣ ነው። እንግሊዝ ደግሞ አይሁዶችን ያባረረችው በ1290 ነው። እዚያ ቴአትር ቤት ከሚገባው ሰው አብዛኛው ስለ አይሁድ የሚያውቀው በወሬ ነበር።

ችሎቱ ላይ ሻይሎክ ቢላውን በጫማው ሶል ይስላል። ሚዛንም ይዟል። ወንድ ጠበቃ መስላ የመጣችው የአንቶንዮ ጓደኛ ሚስት፣ ፖርሺያ፣ መጀመሪያ ማረው ትለዋለች፤ ምሕረት እንደ ዝናብ ከሰማይ ይወርዳል እያለች። እምቢ አለ። ደሙ ፈስሶ እንዳያልቅ ሐኪም እንኳ አስመጣ ስትለው፣ «ውሉ ላይ ተጽፏል?» አላት። እሷም በዚያው በውሉ ያዘችው። ሥጋ ይላል፣ ደም አይልም። አንዲት ጠብታ ደም ብትፈስ ንብረትህ ይወረሳል።

እዚህ ላይ ተመልካች እፎይ ይላል። እኔን የሚከብደኝ ቀጥሎ ያለው ነው። የውጭ ሰው በዜጋ ሕይወት ላይ ከተነሳ ሀብቱን የሚያሳጣ ሌላ ሕግ ተመዘዘ። ነፍሱንስ ማሩለት። ግን ክርስቲያን እንዲሆን ተገደደ፤ ይህን የጠየቀው አንቶንዮ ነው፣ ያውም ምሕረት አድርግ ተብሎ። ሻይሎክ «አሞኛል፣ ልሂድ» ብሎ ወጣ።

ቴአትሩ ገና አንድ ገቢር ይቀረዋል። ጨረቃ አለ፣ ሙዚቃ አለ፣ በቀለበት መቀላለድ አለ። ሻይሎክ ግን ዳግመኛ መድረክ ላይ አይታይም።