«ይህንንማ የሰፈር ሽማግሌም ያውቀዋል»፦ ስለ ቤተሰብና ሕፃናት ሕግ ትምህርት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባሕር ዳር ላይ ሕግ የሚማር ወጣት «ዘንድሮ የቤተሰብ ሕግ እየወሰድን ነው» ሲል ከዘመድ የሚያገኘው ምላሽ አብዛኛውን ጊዜ በርዕሱ ላይ ያሰፈርኩት ነው። እኔም በጣና ዳር ዘንባባዎች ሥር ተቀምጬ ለፈተና ሳነብ ሰምቼዋለሁ። ከተመረቅሁ በኋላ ነፃ የሕግ ምክር በሚሰጥበት ጠረጴዛ ስቀመጥ ግን ይህ አነጋገር ስንት ሰው እንዳሳሳተ አየሁ።

«ቀላል ኮርስ ነው፤ አስተዋይ ሰው ሁሉ ይወጣዋል»

ቀላል የሚመስለው ቃላቱን ከልጅነታችን ስለምናውቃቸው ነው። ችግሩም እዚያው ነው። ሞግዚት በቤታችን ልጅ የምትጠብቅ ሴት ናት፤ በሕጉ ግን አካለ መጠን ያልደረሰውን ልጅ በሕግ ጉዳዮች የሚወክልና ንብረቱን የሚያስተዳድር ሰው ነው። የልጁን አስተዳደግ፣ ጤናና ትምህርት የሚከታተለው ደግሞ አሳዳሪ ይባላል። በፈተና ላይ ሁለቱን ያደባለቀ ተማሪ ነጥብ ያጣል፤ በማመልከቻ ላይ ያደባለቀ ጠበቃ የልጁን ጊዜ ያባክናል።

በውል ክርክር ሁለቱም ወገኖች ስለ ራሳቸው ይናገራሉ። በቤተሰብ ክርክር ውሳኔው ከሁሉ ይበልጥ የሚከብደው ሰው ብዙ ጊዜ ገና የአራት ወይም የአምስት ዓመት ልጅ ነው፤ አይከስም፣ አይከራከርም፣ ይግባኝ አይልም። ስለ እርሱ ማሰብ የሌሎች ሥራ ነው። ከዚህ የከበደ ኮርስ እኔ አላውቅም።

«የፌዴራሉን የቤተሰብ ሕግ ያወቀ ሁሉንም አወቀ»

ይህ ተማሪዎችንም የሚጥል ስህተት ነው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። ክልሎች የራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ያወጣሉ፤ የአማራ ክልልም በአዋጅ ቁጥር 79/1995 አውጥቷል። ስለዚህ ከዘጌ ወይም ከደብረ ማርያም ደሴት በጀልባ ተሻግረው ለክርክር የሚመጡ ባልና ሚስት የሚዳኙት በክልሉ ሕግ ነው። ሁለቱ ሕጎች በብዙው ይመሳሰላሉ፤ የሚያሳስተውም መመሳሰላቸው ነው። የፌዴራሉን የአንቀጽ ቁጥር በቃሉ የያዘ ተማሪ እዚህ በሚጽፈው አቤቱታ ላይ ሳያስበው ያሰፍረዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግቶ ማንበብ ያስፈልጋል። ለውርስ ጉዳይ ደግሞ አሁንም ወደ 1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መመለስ ግድ ነው።

«ልጅ ለእናት ነው» ወይም «አባት እያለ ልጅ ለሌላ አይሰጥም»

ሁለቱ አባባሎች ይጋጫሉ፤ ሁለቱም ስህተት ናቸው። የመጀመሪያው ከየት እንደመጣ ይታወቃል፤ የ1952ቱ ሕግ ከባድ ምክንያት ካልተገኘ በቀር ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ከእናቱ ጋር ይሁን ይል ነበር። የተሻሻለው የፌዴራል ሕግ ይህን ትቶ ዳኛው የተፋቺዎቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤናና አኗኗር፣ እንዲሁም የልጁን ዕድሜና ጥቅም እንዲመዝን አዟል።

ሁለተኛውን አባባል የሚያፈርሰው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት (የሥር ፍርድ ቤቶች የሠሩትን መሠረታዊ የሕግ ስህተት የሚያርመው ችሎት) በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 የሰጠው ውሳኔ ነው። እናቱ የሞተችበትን ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያሳደገችው አክስቱ ነበረች። አባት ቀርቦ ሞግዚትነትና አሳዳሪነት ጠየቀ፤ የሥር ፍርድ ቤቶች ፈቀዱለት። አንዱ ወላጅ ሲሞት ሥልጣኑ በሕይወት ላለው ወላጅ ይሆናል የሚለው የሕጉ ቃል ከእርሱ ጋር ነበር። ሰበር ችሎቱ ግን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 እና ኢትዮጵያ የተቀበለችውን የሕፃናት መብቶች ስምምነት መሠረት አድርጎ ሻረው፤ የሚቀድመው የልጁ ደኅንነት ነው አለ። መጀመሪያ ሳነበው የሕጉ ፊደል ወዲያ፣ ልጁ ወዲህ ሆነው ታዩኝ፤ ደግሜም አነበብሁት።

ይህ ማለት ግን ዳኛ ደስ ያለውን ይወስናል ማለት አይደለም። ልጁን ማን ትምህርት ቤት እንደሚያደርሰው፣ ሲታመም ማን ሐኪም ቤት እንደሚወስደው፣ ከማን ጋር እንደሚያድር በማስረጃ መቅረብ አለበት። ተማሪው ሊለማመድ የሚገባው ይህን ማስረጃ መሰብሰብ ነው።

«የሰማንያ ወረቀት ከሌለ ትዳር የለም»

አንዲት እናት ጠረጴዛዬ ፊት ቆመው «ልጄ፣ ወረቀት የለኝምና ልመለስ» አሉኝ። «እናቴ፣ ይቀመጡ፤ ሠርግዎ ላይ እነማን ነበሩ?» አልኋቸው። ሚዜዎቹን፣ ሽማግሌዎቹን፣ የንስሐ አባታቸውን ቆጠሩልኝ። ጋብቻ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ወይም በባህል ሥርዓት ሊፈጸም ይችላል፤ ውጤቱም አንድ ነው። ወረቀት ሲጠፋ ሁለቱ እንደ ባልና ሚስት መኖራቸውን፣ ቤተሰብና አካባቢም እንዲሁ ያያቸው እንደነበር በምስክር ማስረዳት ይቻላል። ሴትየዋ ሄደው ቢሆን ኖሮ ከጋራ ሀብታቸው ድርሻ ሳያገኙ ይቀሩ ነበር።

ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅም ቢሆን በሕገ መንግሥቱ መሠረት በጋብቻ ከተወለደው እኩል ነው። «ዲቃላ» የሚለው ቃል የመንደር ስድብ ነው፤ ቀለብና ውርስ አይከለክልም። የሚያከራክረው የአባትነት ማስረጃ ነው።

«ወላጅ ከፈቀደ በ15 ዓመት ማግባት ይቻላል»

አይቻልም። የ1952ቱ ሕግ ለሴት 15፣ ለወንድ 18 ይል ስለነበር ነው ይህ አስተሳሰብ የቀረው። ዛሬ ለሁለቱም 18 ነው። የፌዴራሉ ሕግ ለከባድ ምክንያት የፍትሕ ሚኒስትሩ ከሁለት ዓመት ላልበለጠ እንዲፈቅድ ያስችላል፤ ፈቃዱ የወላጅ አይደለም። የወንጀል ሕጉም ያለዕድሜ ጋብቻን ይቀጣል፤ ልጅቱ 13 ዓመት የሞላት ከሆነች እስከ ሦስት ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነች እስከ ሰባት ዓመት ጽኑ እስራት።

በክልላችን ገጠር ይህ የጥንት ታሪክ አይደለምና ተማሪው አንቀጹን ብቻ ይዞ እንዳይወጣ እመኛለሁ። ጭቅጭቁ ያለው ዕድሜው ላይ ነው። አገር አቀፉ የወሳኝ ኩነት (የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍቺና የሞት) ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በመሆኑ ከዚያ በፊት የተወለዱ ብዙ ልጆች የልደት ምስክር ወረቀት የላቸውም። የክርስትና ወረቀት፣ የትምህርት ቤት መዝገብ፣ የሐኪም የዕድሜ ግምት፤ እነዚህን ማንበብና መመርመር ያልተማረ የሕግ ምሩቅ ልጅቱን ሊጠብቃት አይችልም።

«ሽማግሌ ካፋታ ፍቺው አልቋል»

ሽማግሌ ያስታርቃል፤ ፍቺን የሚወስነው ግን ፍርድ ቤት ነው። በቀድሞው ሕግ የዘመድ ዳኞች ሰፊ ሥልጣን ስለነበራቸው ነው ዛሬም የሚምታታው።

«የዘመድ ልጅ ማሳደግ ጉዲፈቻ ነው»

ማሳደግና ጉዲፈቻ አንድ አይደሉም፤ ጉዲፈቻ ፍርድ ቤት ሲያጸድቀው ነው። ለውጭ አገር ዜጋ መስጠትን ደግሞ በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1070 አስቀርቶታል።

«18 ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም»

የማይጠየቀው ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ነው። ከ9 እስከ 15 ላለው ልጅ ለእርሱ ተብለው የተደነገጉ እርምጃዎችና ቅጣቶች አሉ። ከ15 በላይ የሆነው በመደበኛው ሕግ ይጠየቃል፤ 18 ካልሞላው ቅጣቱ ሊቀልለት ይችላል፣ የሞት ቅጣት ግን ከቶ አይፈረድበትም።