የሙቀት ጭነት ምንድን ነው? ለሰፊ የቤት ወርክሾፕ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ከመግዛት በፊት

በግቢው ውስጥ ሰፊ ወርክሾፕ ያለው ሰው ብርዱ ሲበረታበት ወይም ሙቀቱ ሲያስመርረው መጀመሪያ የሚያነሳው ጥያቄ «ስንት ቢቲዩ ያለው መሣሪያ ልግዛ?» የሚል ነው፤ ቢቲዩ መሣሪያው የሚሰጠው ወይም የሚያወጣው ሙቀት መለኪያ ነው። ሻጩም «ቤቱ ስንት ካሬ ነው?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ዋናውን ነገር ስተውታል። ስፋታቸው እኩል ከሆነ ሁለት ወርክሾፖች አንዱን 4 ኪሎዋት ማሞቂያ ሲያሞቀው፣ ሌላውን 20 ኪሎዋት ላይበቃው ይችላል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት የሙቀት ጭነት ይባላል።

የሙቀት ጭነት ማለት አንድ ቤት በምንፈልገው ዲግሪ ላይ ጸንቶ እንዲቆይ ሳናቋርጥ ልናስገባለት ወይም ልናወጣለት የሚገባን የሙቀት መጠን ነው። የሚያፈስ እንስራ አስቡ። ውሃው ከአንድ ልክ እንዳይወርድ ከተፈለገ በቀዳዳው የሚወጣውን ያህል መጨመር ግድ ነው። ምን ያህል እንደሚጨመር የሚወስነው የእንስራው ትልቅነት ሳይሆን የቀዳዳው ስፋት ነው። በብርድ ጊዜ ቤቱ ሙቀት ያፈስሳል፤ በሙቀት ጊዜ ደግሞ ከውጭ ወደ ውስጥ ያስገባል። መሣሪያው የሚገዛው ለዚያ ቀዳዳ ነው።

የሚለካው በዋት ወይም በኪሎዋት ነው። በመሣሪያዎቹ ካርቶን ላይ ግን ብዙ ጊዜ ታትሞ የምናየው ቢቲዩ ነው፤ 1 ኪሎዋት በሰዓት 3,412 ቢቲዩ ያህል ይሆናል። ወደ ማቀዝቀዣ ሲመጣ ደግሞ «ቶን» የሚባል ሦስተኛ መለኪያ አለ፤ ብዙ ሰው የመሣሪያው ክብደት ይመስለዋል። ሰው በማሽን ማቀዝቀዝ ከመጀመሩ በፊት በበረዶ ያቀዘቅዝ ስለነበር፣ አንድ የአሜሪካ ቶን ማለትም 907 ኪሎ ግራም በረዶ በ24 ሰዓት ውስጥ ሲቀልጥ የሚወስደው ሙቀት መለኪያ ሆኖ ቀረ። በሰዓት 12,000 ቢቲዩ፣ ወይም 3.5 ኪሎዋት ያህል ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ወርክሾፑ ርዝመቱ 12 ሜትር፣ ወርዱ 8 ሜትር፣ ቁመቱ በአማካይ 4 ሜትር ነው እንበል። ግድግዳው 160 ካሬ ሜትር፣ ጣሪያው 100 ካሬ ሜትር ያህል፣ በድምሩ 260 ይሆናል። ውጭው 5 ዲግሪ ሴልሺየስ ሆኖ ውስጡን 18 ዲግሪ ላይ ማቆየት እንፈልጋለን፤ ልዩነቱ 13 ዲግሪ ነው። የሙቀት መከላከያ የሌለው ባዶ ቆርቆሮ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ለእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት 6 ዋት ያህል ያሳልፋል። ሦስቱን ቁጥሮች ስናባዛ ከ20 ኪሎዋት በላይ ይመጣል። ያው ቆርቆሮ ከውስጥ በኩል 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ፋይበር ግላስ (ከመስታወት ጭረቶች የተሠራ የሙቀት መከላከያ) ቢለብስ፣ የሚያሳልፈው ወደ 0.4 ዋት ይወርድና ድምሩ 1.4 ኪሎዋት አካባቢ ይሆናል። ቤቱም፣ ብርዱም፣ የምንፈልገው ዲግሪም አልተለወጡም። በእርግጥ ግድግዳውን የያዙት የብረት ቋሚዎችና አግዳሚዎች መከላከያውን ሰንጥቀው ወደ ውጭ ከዘለቁ ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ብረት ከረጋ አየር ጋር ሲነጻጸር ሙቀትን 2,000 እጥፍ ያህል አብልጦ ያስተላልፋልና። ፋይበር ግላሱም ቢሆን ሥራውን የሚሠራው በራሱ ሳይሆን በጭረቶቹ መካከል አየርን አርግቶ በመያዙ ነው። ተጨፍልቆ ከገባ ወይም ከረጠበ የተከፈለበትን ጥቅም አይሰጥም።

ብዙ ሰው መከላከያ ካለበሰ በኋላ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። እዚህ ላይ ግን ከባዱ ቀዳዳ ገና አልተነካም፤ እሱም አየር ነው። በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ አንድ ኪዩቢክ ሜትር አየርን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 0.33 ዋት ሰዓት ያህል ያስፈልጋል። ትንሽ ቁጥር ትመስላለች። የእኛ ወርክሾፕ 384 ኪዩቢክ ሜትር አየር ይይዛል። በትልቁ በር ሥር፣ በጣሪያና በግድግዳ መጋጠሚያ፣ በቆርቆሮው ሞገድ ክፍተት በኩል አየሩ በሰዓት ሁለት ጊዜ ቢለዋወጥ፣ 3.3 ኪሎዋት ይዞ ይወጣል። መከላከያ ከለበሰው ግድግዳና ጣሪያ ሁለት እጥፍ በላይ ማለት ነው። የበር ጎማና የሲሊኮን ማሸጊያ ከማንኛውም ማሽን ርካሽ ናቸው፤ ግን ማንም በጉራ ለጎረቤት የሚያሳያቸው ነገር ስላልሆኑ ሳይሆን አይቀርም ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ የሚታሰቡት።

የእንጨት ሥራ ከሆነ ደግሞ የባሰ አለ። የሰጋቱራ መምጠጫው አየሩን አጣርቶ ወደ ውስጥ ከመመለስ ይልቅ በቧንቧ ወደ ውጭ የሚጥል ከሆነና በሰዓት 1,500 ኪዩቢክ ሜትር የሚስብ ከሆነ፣ የወጣውን የሚተካው የውጭ ብርድ አየር ነው። በዚያው 13 ዲግሪ ልዩነት 6.4 ኪሎዋት ይሆናል። ግድግዳው፣ ጣሪያውና የበሩ ክፍተት ተደምረው የአንዷን ቧንቧ ያህል አያወጡም። ማሞቂያው ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ውሎ መጋዙ በተነሳ ቁጥር ቤቱ የሚበርደው ለዚህ ነው። አየሩን አጣርቶ መመለስ ይቻላል፤ ሆኖም ማጣሪያው ሳንባ ውስጥ የሚዘልቀውን ደቃቅ ብናኝ የሚይዝ መሆን አለበት። በሙቀትና በጤና መካከል መምረጥ ግድ ከሆነ እኔ ብርዱን እመርጣለሁ።

የሰው ጥያቄ የሚነሳው ግን ብዙውን ጊዜ በሌላ በኩል ነው፦ «ቴርሞሜትሩ 18 ይላል፤ ታዲያ ለምን ይበርደኛል?» መልሱ ቤቱ ውስጥ ባለው ክብደት ላይ ነው። የወርክሾፓችንን አየር በሙሉ ከ5 ወደ 18 ዲግሪ ለማድረስ 1.6 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበቃል። ውፍረቱ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነው የኮንክሪት ወለል ግን 22 ቶን ያህል ይመዝናል፤ እሱን በዚያው 13 ዲግሪ ለማሞቅ 70 ኪሎዋት ሰዓት ይጠይቃል። አየሩ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይሞቃል፤ ወለሉ፣ የብረት ማሽኖቹና የተቆለለው ጣውላ ግን ቀዝቃዛ እንደሆኑ ይውላሉ። የሰው ገላ ደግሞ ሙቀቱን የሚሰጠው ለአየሩ ብቻ ሳይሆን፣ ሳይነካቸውም በጨረር መልክ በዙሪያው ላሉት ቀዝቃዛ ነገሮች ነው። እግር የሚደነዝዘው ከላይ ሞቃት አየር እየነፈሰ ነው። የሞቀ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣም፣ ከፍ ያለ ጣሪያ ባለው ቤት ውስጥ የተከፈለበት ሙቀት ማንም ከማይሠራበት ከጣሪያው ሥር ይከማቻል። በዝግታ የሚዞር የጣሪያ ማራገቢያ ቁልቁል ይመልሰዋል።

ስለዚህ የሙቀት ጭነት አንድ ቁጥር ብቻ አይደለም፤ ጊዜም አለበት። ቤቱን በሞቀበት ለማቆየት የሚያስፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ከቀዘቀዘበት ለማንሳት የሚያስፈልገው ሌላ። በየቀኑ የሚሠራ ሰው ዝቅ ባለ ዲግሪ ሳያቋርጥ የሚያሞቅ መሣሪያ ይስማማዋል። ሙቀትን ከውጭ አየር እየሰበሰበ የሚያስገባው ኤር ኮንዲሽነር ለዚህ ጥሩ ነው፤ ብርዱ መጠነኛ ከሆነ ለሚበላው 1 ኪሎዋት ኤሌክትሪክ 3 ኪሎዋት ያህል ሙቀት ይሰጣል። በሳምንት አንድ ቀን ለሁለት ሰዓት የሚገባ ሰው ግን ያን ሁሉ ኮንክሪት ማሞቅ አይኖርበትም። በሥራ ጠረጴዛው በላይ የሚሰቀልና በጨረር ሰውየውን ራሱን የሚያሞቅ ማሞቂያ ይበቃዋል። ብቻ ሰጋቱራና የቫርኒሽ ትነት ባለበት የጋለ ሽቦ ወይም ነበልባል አደጋ መሆኑ አይዘንጋ።

በሙቀት ወቅት ነገሩ ይገለበጣል፤ ዋናው ተጠያቂም ጣሪያው ይሆናል። ጥርት ባለ ቀን እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በአንድ ካሬ ሜትር 1,000 ዋት ያህል ታወርዳለች። ጠቆር ያለ ቆርቆሮ በቀላሉ 60 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ውስጡን 26 ዲግሪ ላይ እናቆይ ብንል ልዩነቱ 34 ነው፤ በባዶው ጣሪያ በኩል ብቻ 20 ኪሎዋት ይገባል፤ ስድስት ቶን ማቀዝቀዣ መሆኑ ነው። መከላከያ ከለበሰ 1.4 ኪሎዋት ይሆናል። ጣሪያውን ነጭ መቀባት ደግሞ መጀመሪያውኑ ቆርቆሮው እንዳይግል ያደርጋል። ከዚህ ላይ ማሽኖቹ ይደመራሉ። 2.2 ኪሎዋት የሚስብ ሞተር የሚበላው ኤሌክትሪክ፣ እንጨቱን ሲቆርጥ የሚጠፋውንም ጨምሮ፣ በመጨረሻ ሁሉም ሙቀት ሆኖ ቤቱ ውስጥ ይቀራል። በሰዓት አሥር ደቂቃ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ሲሰላ ስድስተኛው ብቻ ይያዛል። ያለማቋረጥ የሚጮኸውን የአየር መጭመቂያ (ኮምፕረሰር) ግን ከቤቱ ውጭ በጥላ ሥር ማስቀመጥ ጆሮንም ያሳርፋል።

እስካሁን ያነሳነው በቴርሞሜትር የሚታየውን ጭነት ነው። ሌላም አለ፤ በእርጥበት መልክ የተሸሸገው ስውር ጭነት። ማቀዝቀዣ አየሩን ከማብረድ ሌላ በአየሩ ያለውን ተን ወደ ውሃ ለውጦ ማውጣት አለበት፤ ይህም ጉልበት ይጠይቃል። እንዲያውም ዘመናዊው ኤር ኮንዲሽነር የተወለደው ለሰው ምቾት አልነበረም። በ1902 በኒው ዮርክ ብሩክሊን በሚገኝ ማተሚያ ቤት ወረቀቱ በእርጥበት ምክንያት እየሰፋና እየጠበበ ቀለሙ አልገጥም ስላለ፣ ዊሊስ ካሪየር የተባለ ወጣት መሐንዲስ እርጥበቱን ለመቆጣጠር ሠራው። እንጨትም እንደ ወረቀቱ ነው። የአየሩ እርጥበት 50 በመቶ ሲሆን እንጨቱ ከደረቅ ክብደቱ 9 በመቶ ያህል ውሃ ይዞ ይረጋል፤ 65 በመቶ ሲሆን ወደ 12 ይጠጋል። ዛሬ ልክክ ያለ መሳቢያ ከወር በኋላ አልወጣም የሚለው በዚህ ነው። ከሚያስፈልገው በላይ ትልቅ ማቀዝቀዣ መግዛት የሚጎዳውም እዚህ ላይ ነው፦ አየሩን በጥቂት ደቂቃ አብርዶ ይቆማል፤ ውሃውን ለማውጣት ጊዜ አያገኝም። ቤቱ ቀዝቃዛ ግን እርጥብ ይሆናል። ውሃ በማትነን የሚያቀዘቅዙት መሣሪያዎች ደግሞ በደረቅ አየር ግሩም ቢሆኑም እርጥበት ይጨምራሉ፤ የብረት ማሽን ላለበት ቤት አልመክራቸውም።

እርጥበት በብረት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በራሴ ላይ ያየሁት ጭስ ማውጫ የሌለው የጋዝ ማሞቂያ በተጠቀምኩበት ወቅት ነው። ቤቱ ደስ በሚል ሁኔታ ሞቀ፤ በማግስቱ የመላጊያ ማሽኑ የብረት ገጽ በጤዛ ተሸፍኖ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ዝገቱ ብርቱካናማ ሆኖ ጠበቀኝ። አንድ ኪሎ ፕሮፔን ጋዝ ሲቃጠል 1.6 ኪሎ ያህል ውሃ ይፈጥራል፤ ያ ሁሉ ተን ቀዝቃዛ ብረት ሲያገኝ ይረጋል። ከዝገቱ የሚከፋው ግን በዓይን የማይታየውና በታሸገ ቤት ውስጥ ሰው የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። የሚነድ ማሞቂያ ጭሱን ወደ ውጭ የሚያወጣ ቧንቧ ከሌለው ወርክሾፕ ውስጥ አይግባ።

ቤቱ አስቀድሞ የተሠራ ከሆነና የግድግዳውን ሆድ ዕቃ ማወቅ ካልተቻለ፣ ጭነቱን ከመገመት መለካት ይሻላል። ፀሐይ እንዳትረብሽ በሌሊት፣ ነፋስ በሌለበት፣ ኃይላቸው የታወቀ የኤሌክትሪክ ማሞቂያዎች፣ ለምሳሌ በድምሩ 2 ኪሎዋት፣ ሳያቋርጡ ይሥሩ። ወለሉ ሙቀት ስለሚጠጣ ሙከራውን ሁለት ሦስት ቀን አስቀድሞ መጀመር ያስፈልጋል። የውስጡ ዲግሪ መውጣቱን ሲያቆም የውስጥና የውጭ ልዩነት ይነበባል። ልዩነቱ 8 ዲግሪ ከሆነ 2,000 ለ8 ሲካፈል 250 ነው፤ ቤቱ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 250 ዋት ያፈስሳል ማለት ነው። በጣም በሚበርደው ሌሊት የሚጠበቀው ልዩነት 13 ከሆነ ደግሞ 3.25 ኪሎዋት ያስፈልጋል። የሰጋቱራ መምጠጫው ድርሻ ለብቻው ይደመርና፣ ቢቲዩ ለሚጠይቀው ሻጭ በ3,412 ተባዝቶ ይነገረዋል።