ኦቶ የተባሉ ጀርመኖች፦ ከንጉሠ ነገሥት እስከ አሰልጣኝ

ኦቶ ጀርመኖች ከሺህ ዓመት በላይ ለወንድ ልጅ ሲያወጡት የኖሩት ስም ነው። እዚህ የሚነሱት ሰዎች በሙሉ ኦቶ የተባሉት በራሳቸው ስም ነው፤ ዓመቶቹም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የቤንዚን ሞተር ታሪክ ውስጥ የሚጠቀሰው ኦቶ ግን ለየት ይላል፣ የሰውየው ስም ኒኮላውስ ነው፣ ኦቶ የቤተሰቡ መጠሪያ ነው።

ስሙን ከፍ ያደረገው ቀዳማዊ ኦቶ ነው። በ955 በሌክፌልድ ማጃሮችን (የዛሬዎቹን ሃንጋሪያውያን አባቶች) ድል አደረገ፣ በ962 ሮም ላይ የንጉሠ ነገሥት ዘውድ ጫነ። ልጁም ኦቶ፣ የልጅ ልጁም ኦቶ፣ ሦስቱም ተከታትለው ነገሡ። የስም እጥረት የነበረባቸው ይመስላል።

ኦቶ ፎን ቢስማርክን የማያውቅ ጥቂት ነው። በ1871 ጀርመንን አንድ አደረገ፣ በ1883 የጤና መድን፣ በ1889 ደግሞ የጡረታ ሕግ አወጣ። ለእኛ ለአፍሪካውያን ግን ስሙ ከበርሊን ጉባኤ አይነጠልም። ከ1884 እስከ 1885 ስለ አፍሪካ የተመከረው በእሱ አስተናጋጅነት ነው፣ አንድም አፍሪካዊ ሳይጋበዝ።

በሳይንሱ በኩል ኦቶ ሊሊየንታል አለ። ራሱ በሠራቸው ሞተር አልባ ክንፎች ከኮረብታ እየተነሳ ደጋግሞ በረረ፣ በ1896 ወድቆ ሞተ። በሞተር የሚበር አውሮፕላን የሠሩት ራይት ወንድማማቾች ሥራውን በደንብ አጥንተዋል። ኦቶ ሃን ደግሞ በ1938 ከፍሪትዝ ሽትራስማን ጋር የዩራኒየም አቶም መሰንጠቁን በሙከራ አሳየ። የሆነውን በፊዚክስ ያብራሩት ሊዘ ማይትነርና ኦቶ ፍሪሽ ናቸው (እሱም ኦቶ፣ ያውም የእህቷ ልጅ)። የ1944ቱ የኬሚስትሪ ኖቤል ግን ለሃን ብቻ ተሰጠ። ማይትነር ናዚዎችን ሸሽታ ከሀገር የወጣች ሴት ናትና ይህ ዛሬም ያናድዳል።

ወደ ኳሱ እንምጣ፣ ጨዋታው ያለው እዚያ ነው። አሰልጣኙ ኦቶ ሬሃግል ካይዘርስላውተርን የተባለውን ክለብ ከታችኛው ሊግ አሳድጎ በማግሥቱ ዓመት፣ በ1998፣ የቡንደስሊጋ (የጀርመን ዋናው ሊግ) ሻምፒዮን አደረገው። ከዚያ ግሪክን ያዘ፣ እስከዚያ ድረስ በትልቅ ውድድር አንድም ጨዋታ አሸንፎ የማያውቅ ቡድን ነበር፣ እሱ ግን በ2004 አጥብቆ እየተከላከለ ፈረንሳይንና ቼክን አንድ ለዜሮ እየሸኘ ፍጻሜ ደረሰና ፖርቱጋልን ሊዝበን ላይ በዚያው ውጤት አሸንፎ የአውሮፓ ዋንጫን ወሰደ። ጨዋታው ያሰለቻል ያሉ ብዙ ነበሩ፤ ዋንጫው ግን አቴንስ ገባ። «ንጉሥ ኦቶ» የሚለው ቅጽል ስሙም ለግሪክ ሰው ድርብ ቀልድ ነው። አዲሲቱ ግሪክ መጀመሪያ ያነገሠችው ከባቫሪያ የመጣ ኦቶ የሚባል ልጅ ነበር፣ እሱን ግን በ1862 አባረውታል።

አፍሪካ ውስጥ ያረጀው ደግሞ ኦቶ ፊስተር ነው። ከሩዋንዳ ጀምሮ ብዙ ብሔራዊ ቡድኖችን አሰልጥኗል። በ1991 የጋና ታዳጊዎችን ከ17 ዓመት በታች የዓለም ሻምፒዮን አደረገ፣ በ1992 ዋናው ቡድን በአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ በኮትዲቯር በፍጹም ቅጣት ምት 11 ለ10 ተረታ። በ2006 ቶጎን ይዞ ዓለም ዋንጫ ሄዶ፣ ተጫዋቾቹ በጉርሻ ክፍያ ሲጨቃጨቁ ጥሎ ወጣ፣ ከዚያ የመጀመሪያው ጨዋታ ሊጀመር ሲል ተመለሰ፤ ቶጎ ሦስቱንም ተሸነፈች። በ2008 ከካሜሩን ጋር እንደገና ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ደረሰ። ግብጽ አንድ ለዜሮ ቀማችው።